አባትየውም ይመልስ፦ ስለ እምነትና ቤተሰብ የዕድገት ልቦለድ ለምትጽፉ

የመጀመሪያው ረቂቄ 412 ገጽ ነበር። ከገጽ 203 እስከ 214 ድረስ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ባለታሪኬ ከሰባኪ አባቷ ጋር ስለ ፈጣሪ መኖር ትከራከራለች። ስጽፈው እንባ ይተናነቀኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ልናገረው ፈልጌ ሳይወጣልኝ የቀረው ሁሉ እዚያ ላይ ወጣልኝ። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ግን በእነዚያ 12 ገጾች ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባትየው ለምን አይመልስላትም?»

ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አባትየው በ12 ገጽ ውስጥ አፉን የከፈተው አራት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ «ዝም በይ!» ናቸው። የእኔ አባትም ሰባኪ ነበር፤ ግን አንድም ቀን «ዝም በይ» ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም ጥያቄ ስጠይቀው ወንበሩን ወደ እኔ ያዞር ነበር። በክርክር የረታሁት ምናልባት ሁለቴ ቢሆን ነው። ልቦለዱ ላይ ግን አፉን ለጉሜ ዘረርኩት።

መተዳደሪያዬ የሰው ረቂቅ ማረም ነው። ስለ ልጅነት፣ ስለ እምነትና ስለ ቤተሰብ የሚተርክ ልቦለድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን የክርክር ምዕራፍ ነው፤ ሳላገኘው የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጸሐፊው እምነቱን የጠበቀ ከሆነ ተሸናፊው ተጠራጣሪው ልጅ ይሆናል፤ እምነቱን የተወ ከሆነ ደግሞ ተሸናፊዎቹ ወላጆች ናቸው። በሽታው ያው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሦስት ረቂቅና ስድስት ዓመት የፈጀብኝን ትምህርት ነው። ሃይማኖታችሁ ማንኛውም ይሁን፣ ወይም ምንም አይኑር፣ አሠራሩ አይለወጥም።

«አደገ» ወይስ «ተቀረጸ»?

ይህን ዓይነቱን ልቦለድ ጀርመኖች ቢልዱንግስሮማን ይሉታል። ካርል ሞርገንሽተርን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1819 ስለ ምንነቱ ንግግር አድርጎበታል፤ ቃሉ በሰፊው የታወቀው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ በፈላስፋው ዲልታይ በኩል ነው። ታሪኩን የማነሣው ለዕውቀት ብዬ አይደለም። «ቢልዱንግ» የሚለው ቃል ውስጥ መቀረጽ አለ። «አደገ» ስንል ልጁ እንደ ሣር በራሱ ያደገ ይመስላል፤ «ተቀረጸ» ስንል ግን ወዲያው «ማን ቀረጸው? በምን መሣሪያ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ልቦለዳችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። «እናቱ፣ በዝምታዋ።» «አያቱ፣ በተረት።» «ማኅበሩ፣ በሐሜት።» የእኔ «አባቷ፣ በድምፁ» የሚል ነበር። መጨረሻ ላይ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እምነቱን ሰውነት ላይ ፈልጉት

ንጹሕ ወረቀት አንሡና የባለታሪካችሁን ቤት ከንጋት እስከ ምሽት በዓይነ ሕሊናችሁ ዙሩት። «አመነ»፣ «ተጠራጠረ»፣ «ነፍሱ»፣ «መንፈሱ» የሚሉትን ቃላት ለዚህ ወረቀት ከልክሏቸው። የምትጽፉት እጅ፣ ጉልበት፣ ድምፅና ዕቃ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚነሣው ማን ነው? ሌሎቹን በምን ይቀሰቅሳል፣ በእጅ ወይስ በጥሪ? ሲጸለይ ልጁ የሚቀመጠው ከማን አጠገብ ነው? ቅዱሱ መጽሐፍ የት ይቀመጣል? ማን ይነካዋል፣ ማን አይነካውም? ጸሎቱ ሲረዝም የልጁ የቱ እግር ይደነዝዛል? እንግዳ ሲመጣ ጸሎቱ ይረዝማል ወይስ ያጥራል?

ቢያንስ ሠላሳ ነገር እስክታገኙ አታቁሙ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ማንም የሚጽፋቸው ናቸው። ቤቱ መታየት የሚጀምረው ከሃያ በኋላ ነው። እኔ ሃያ አራተኛው ላይ ስደርስ አባቴ ጸሎት ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርግ እንደነበር ትዝ አለኝ። አያቴ በሞተች ማግሥት ማለዳ አንድ ጊዜ ጠረገ፤ ከዚያ ሳይጸልይ ተነሥቶ ወጣ። በ412 ገጽ ውስጥ ስለ አባትየው ጥርጣሬ አንድ ቃል አልጻፍኩም ነበር፤ እንዳለውም አላውቅም ነበር። ለካ አውቄ ኖሮ ረስቼው ነው።

ሃያ ሰባተኛው ላይ ደግሞ ይህ ወጣ፦ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን አባቴ ሲጸልይ፣ እኔ ዓይኔን ገለጥኩ። እናቴ ፊት ለፊቴ ነበረች። የእሷም ዓይን ተገልጦ ነበር። ተያየን። ሁለታችንም መልሰን ጨፈንን፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። 12ቱን የክርክር ገጾች ጥዬ በቦታቸው ይህን አንድ ገጽ አስገባሁ። ልጅቷም የአሥራ ሰባት ዓመት ተከራካሪ መሆኗ ቀርቶ የአሥራ ሦስት ዓመት ተመልካች ሆነች።

ዕድሜውን ስትመርጡ ጥንቃቄ አድርጉ፤ የጥርጣሬው ዓይነት በዕድሜ ይለያያልና። የሥነ መለኮት ምሁሩ ጄምስ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራው የእምነትን ዕድገት በስድስት ደረጃ ከፍሎታል። በደረጃዎቹ ላይ የሚከራከሩ ምሁራን አሉ፤ ለልቦለድ ጸሐፊ ግን ጥሩ መሣሪያ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ታሪኩን ቃል በቃል ይወስደዋል፤ ቅሬታው የፍትሕ ነው፦ «ጸልዬ ነበር፤ ታዲያ ድመቷ ለምን ሞተች?» ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ ያለው ልጅ እምነቱ የሚወዳቸው ሰዎች እምነት ነው፤ መነጽሩን አድርጎ ያያል እንጂ መነጽሩን አያየውም። መነጽሩን አውልቆ ማገላበጥ የሚመጣው በአብዛኛው ከቤት ሲወጣ ወይም ከዚያም በኋላ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እንደ ፍልስፍና ተማሪ ሲናገር ካነበብኩ የሚናገረው ጸሐፊው እንደሆነ አውቃለሁ።

ወንድምና እኅት ለምን ያስፈልጋሉ?

ብዙ ረቂቆች ላይ ባለታሪኩ ወንድምና እኅት አለው፤ ሥራ ግን የላቸውም። በሩን ይከፍታሉ፣ ይስቃሉ፣ ይወጣሉ። እዚህ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሺያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ጥናት ጠቅሞኛል። ወጣቶችን ስለ ሥራ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ እየጠየቀ አራት ዓይነት አቋም ለይቷል፦ ሳይመረምር የወላጆቹን ይዞ የጸና፣ ሳይመረምርም ሳይወስንም የሚንሳፈፍ፣ ገና በፍለጋ ላይ ያለ፣ ፈልጎና መርምሮ የወሰነ። አራቱን በአንድ ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው። ፈላጊው ባለታሪካችሁ ነው እንበል፤ ሌሎቹ ሦስቱ የእሱ ሌሎች ዕጣዎች ይሆናሉ። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ዝም ቢሉ እንኳ ግጭት አለ።

ከአራቱ የሚበደለው ያ የወላጆቹን ይዞ የጸናው ነው። ሁልጊዜ ሞኝ ወይም ጨካኝ ተደርጎ ይሣላል። እስቲ ከባለታሪካችሁ ይበልጥ ብልህ አድርጉት። ደስተኛም ይሁን። የእኔ ባለታሪክ ታላቅ ወንድም አላት፤ በሁለተኛው ረቂቅ ቂል ነበር፣ በሦስተኛው ቀልደኛ ሆነ። እኅቱ ከጸሎት ቤት ሾልካ ስትወጣ አይቶ ለአባቱ አይነግርም፤ ማታ ግን «ዛሬ መዝሙሩ እንዴት ነበር?» ብሎ በአባቱ ፊት ይጠይቃታል። እሷ ትዋሻለች፤ እሱ ይስቃል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወንድምየውን ወደድኩት፤ አንባቢም ይወደዋል ብዬ አምናለሁ።

ተቃዋሚውን በእጃችሁ ጻፉት

የክርክሩ ምዕራፍ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጉ። ያንኑ ትዕይንት ከአባትየው ወይም ከእናትየው አንጻር፣ በአንደኛ መደብ፣ በብዕር ጻፉት። ኮምፒውተር ላይ አትጻፉት፤ ጣት እየፈጠነ የቆየ ሐሳብ ይገለብጣል። ይህ ጽሑፍ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፣ ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ አታሳምሩት። አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፦ ሰውየው ልክ መሆን አለበት። «ልክ ይመስለዋል» አላልኩም። ልክ ይሁን።

እኔ አራት ገጽ ጻፍኩ። በሁለተኛው ገጽ ላይ አባትየው እንዲህ አለ፦ «እሷ እኔ ያልጠየቅሁትን የጠየቀች ይመስላታል። እኔ በሃያ ዓመቴ ጠይቄ መልስ አጣሁ፤ መልስ አጥቼም ቆየሁ። መቆየቴን እንዴት ላስረዳት?» ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ያን ቀን ሌላ ነገር አልሠራሁም። በመጨረሻው ረቂቅ ላይ ከአራቱ ገጽ የገባው አንድ መሥመር ነው። ልጅቷ «መልስ የለህም!» ስትለው «የለኝም» ይላታል። ያን ትዕይንት ያሸነፈው እሱ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ወላጆች የሚያሸንፉበት ቢያንስ አንድ ትዕይንት ይኑር። ልጁም አንድ ጊዜ ጨካኝ ይሁን፤ ልክ ሆኖ ጨካኝ ቢሆን ደግሞ የበለጠ።

አንተ፣ አንቱ፣ እና «ይል ነበር»

በአማርኛ ለምንጽፍ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የሌላቸው መሣሪያ እጃችን ላይ አለ። ልጅ ከወላጁ ሲርቅ ተውላጠ ስሙ ይለወጣል። እኛ ቤት አባታችንን «አንተ» ነበር የምንለው፤ እናታችን ግን ሰው ፊት «እሳቸው» ትለዋለች። በልቦለዴ ልጅቷ ለ180 ገጽ አባቷን «አንተ» ትላለች። ከዚያ አንድ ማለዳ «እርስዎ እንዳሉ» ትለዋለች። አባትየው ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ማሰሩን ያቆማል። ከዚህ ሌላ የቁጣ ቃል አላስፈለገኝም። ባለታሪካችሁ ያደገው በአንቱታ ቤት ከሆነ መንገዱን ገልብጡት፤ «አባዬ» እና «እርስዎ» ሲል የኖረ ልጅ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ «አይዞህ» ቢለው ምን እንደሚሆን አስቡ። ይህ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አጠራሩን ሳታዛንፉ ከያዛችሁ ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይ «አሉ»፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለ ምክንያት «አለ» የሚል ረቂቅ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ እንዲህ ከሆነ መሣሪያው ደነዘዘ ማለት ነው።

የጸሎት ቋንቋም አለ። በብዙ ሃይማኖቶች የጸሎቱ ቋንቋና የቤቱ ቋንቋ ይለያያል። ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል በቃሉ ይይዛል፣ በድምፁ ይወደዋል። የቃሉ ትርጉም የገባው ቀን ምን ተሰማው? ቅር አለው? ተደነቀ? ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አሁን ስለ «ነበር»። የልጅነት ትዝታ ስንጽፍ «አባቴ ማለዳ ይነሣ ነበር፣ እናቴ ታዜም ነበር፣ እኛም እንሮጥ ነበር» እያልን ስድስት ገጽ እንሄዳለን። ዜማው ያምራል፤ ግን ምንም አልሆነም። «ይል ነበር» የልማድ ጊዜ ነው፤ ታሪክ የሚጀምረው «አንድ ቀን ግን» ሲባል ነው። አንድ ምዕራፋችሁን አውጡና «ነበር»ን ሁሉ በቀይ አክብቡ። ከአንድ ገጽ በላይ ያለ ማቋረጥ ቀይ ከሆነ፣ ከልማዱ ውስጥ አንድ የተለየ ማለዳ ምረጡና «ተነሣ፣ አዜመች፣ ሮጥን» ብላችሁ ጻፉት።

በአንደኛ መደብ የምትጽፉ ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ትልቁ ሰው ትንሹን ልጅ እየገፋ ይገባል። «በኋላ እንደገባኝ»፣ «ያኔ አላወቅሁም እንጂ» የሚሉ ሐረጎችን ረቂቄ ላይ ፈልጌ 37 አገኘሁ። 4 ተረፉ። አንባቢ ከልጁ ቀድሞ ሲገባው ደስ ይለዋል፤ ቀድማችሁ ነግራችሁ ያን ደስታ አትንጠቁት።

ስንት ዓመት ይሸፍን?

ከውልደት እስከ ሠርግ መተረክ አያስፈልግም። አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ባልድዊን በልጅነቱ፣ ከ14 እስከ 17 ዓመቱ ሰባኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ የአንድ ልጅን 14ኛ የልደት ቀን ነው የሚተርከው፤ በመካከሉ አክስቱ፣ የእንጀራ አባቱና እናቱ በየተራ ሲጸልዩ ያለፈ ሕይወታቸው በምልሰት ይገባል። አንድ ቀን ነው፤ የሦስት ሰው ዕድሜ ግን ውስጡ አለ። የቤተሰብን ታሪክ የት ላስገባው ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህ አወቃቀር ብዙ ይፈታለታል።

ብዙ ጽፋችሁ መጣል ካስፈራችሁ ደግሞ አየርላንዳዊውን ደራሲ ጄምስ ጆይስን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1904 የራሱን ወጣትነት መተረክ ሲጀምር ያቀደው 63 ምዕራፍ ነበር፤ 25 ያህል ጽፎ አቆመ። በ1907 እንደገና አንሥቶ በአምስት ምዕራፍ አዋቀረው፤ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1916 ነው። የእኔ 412 ገጽ 248 ሲሆን ያጽናናኝ ይህ ነው።

ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ብዙ የምለው የለኝም። ልጁ እምነቱን ተወ ወይስ ጠበቀ የሚለውን መመለስ ግዴታችሁ አይደለም። ከሠላሳው ዝርዝር ውስጥ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጠቀማችሁበትን አንድ ድርጊት አምጡና ልጁ በሌላ መንገድ ሲያደርገው አሳዩ። የእኔዋ ልጅ ብቻዋን በተከራየችው ክፍል ውስጥ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። ከዚያ በኋላ ጸለየች አልጸለየች አልጻፍኩም።

ከመታተሙ በፊት ለማን ይሰጥ?

«ታሪኩ ፈጠራ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ የፊት ገጽ ላይ ብትለጥፉ ዘመድ አያምንም። ሁለት ሰዎችን ወደ አንድ ገጸ ባሕርይ አዋሕዱ፤ ሥራውን፣ ቁመናውን፣ የልጆቹን ቁጥር ለውጡ። የሌላ ሰው ምሥጢር ከሆነ፣ ለታሪኩ ምንም ያህል ቢያስፈልግ፣ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አታስገቡት። እኔ አንድ ጊዜ በአጭር ልቦለድ ውስጥ የአንዲት ዘመዴን ነገር ስሟን ብቻ ቀይሬ ጽፌ ነበር፤ ሦስት ዓመት አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻውን ረቂቅ ሳትጀምሩ፣ ገና መለወጥ በሚቻልበት ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ ድምፁ ለማይሰማው ሰው ስጡት። የሚናገሩትን ሰዎች ሐሳብ ታውቁታላችሁ፤ ዝም የሚሉትን ግን እናንተ ናችሁ የፈጠራችኋቸው። አባቴ መጽሐፉ ሳያልቅ አረፈ። ረቂቁን ለእናቴ ሰጠኋት። በመነጽሯ ቀስ እያለች ለሁለት ሳምንት አነበበችው። ስለ አባትየው ምንም አላለችም። ስለ ክርክሩም፣ ስለ «እርስዎ»ም ምንም አላለችም። የተገለጡት ዓይኖች ያሉበት ገጽ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣

«ይህቺን ሴትዮ እምነት ያጣች አስመሰልሻት» አለችኝ።

«ዓይንሽ ተገልጦ ነበራ፤ አይቼሻለሁ» አልኳት።

«እቆጥራችሁ ነበር እኮ» አለች። «አባትሽ ሲጸልይ ጊዜውን ይረሳዋል፤ ወንድምሽ ደግሞ በጓሮ በር ሹልክ ይላል። አሜን እስኪባል ስንት ጊዜ ቆጥሬያችኋለሁ መሰለሽ?»

ትዕይንቱን አልነካሁትም። ልጅቷ አሁንም በአሥራ ሦስት ዓመቷ የእናቷን ዓይን ታያለች፣ እናቴም እንደ እኔ ትጠራጠራለች ብላ ታድራለች፤ መጽሐፉን ሙሉ ያንን ይዛ ትሄዳለች። ገጽ 231 ላይ ግን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤ እናትየው ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እቆጥራችሁ ነበር» ትላታለች። «አባቷ፣ በድምፁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም ከጠረጴዛዬ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ አነሣሁት።